ስክሪን ላይ ያማረው የአያት ፎቶ ሲታጠብ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄው፦ «አያቴ በወጣትነታቸው ስቱዲዮ ገብተው የተነሱት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስካን አድርጌ ጭረቱን በፎቶሾፕ አጸዳሁት። ላፕቶፔ ላይ ፊታቸው ሕያው ነው። እዚህ ጅማ ፎቶ ቤት ወስጄ ሳሳጥበው ግን ጠቁሮ መጣ፤ ትንሽም ወደ አረንጓዴ አደላ። ብራይትነስ ጨምሬ ደግሜ አሳጠብኩ። ጋቢው ነጥቶ ጠፋ፣ ፊታቸው ግን እንደጨለመ ነው። ጓደኛዬ ቤት በኤፕሰን ኤል805 ፕሪንተር ስሞክረው ደግሞ ወደ ሮዝ ሄደ። ሞኒተር ልግዛ? ወይስ ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ልቀይረው? አንዱ ደግሞ 600 ዲፒአይ አድርገው ብሎኛል። 30 በ40 ሳንቲሜትር አሳጥቤ እናቴ ሳሎን ልሰቅለው ነው።» ከሄርማታ፣ ጅማ

ሞኒተር አይግዙ። ፋይሉንም ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች አጻጻፍ፣ አይቀይሩ። ፎቶ ቤት ያለው ትልቁ ማሽን በአብዛኛው ቀለም የሚረጭ አይደለም። ለብርሃን ስሱ በሆነ ወረቀት ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ይጽፍና ወረቀቱን በኬሚካል ያጥበዋል። የሚፈልገው አርጂቢ፣ ማለትም በእነዚህ ሦስት ብርሃኖች የተጻፈ፣ ፋይል ነው። የጓደኛዎ ኤል805 ደግሞ ስድስት ቀለም ቢኖረውም ከኮምፒውተሩ የሚቀበለው ያንኑ አርጂቢ ነው፤ ወደ ቀለም የሚተረጉመው ራሱ ነው። ቀድመው ከቀየሩለት የተተረጎመውን እንደገና ይተረጉመዋል። 600 ዲፒአይም ከጥቁረቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) የዝርዝር ጉዳይ እንጂ የብርሃን አይደለም። ለ30 በ40 በ300 ዲፒአይ ወደ 3,500 በ4,700 ፒክሰል ከሆነ ይበቃል።

ፎቶዎን ያጠቆረው አንድ ነገር አይደለም። ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል፤ ሦስቱም የሚጎትቱት ወደ ጨለማ ነው።

የመጀመሪያው ላፕቶፕዎ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ያረፈበትን መልሶ ይሰጣል እንጂ። ብዙ ሞኒተሮች ብራይትነሳቸው ሙሉ ሲሆን ከ250 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የድምቀት መለኪያ ነው) በላይ ያበራሉ። 150 ሉክስ ገደማ ብርሃን ባለው መደበኛ ክፍል ውስጥ ያለ ነጭ ወረቀት ግን የሚመልሰው 43 ካንዴላ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ነው። እዚያ የሚያበራ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ፎቶውን ሲያስተካክሉ ዓይንዎ «በቂ ብርሃን አለው» ብሎ ያርፋል። በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ጨለማ ነው። ወረቀቱ ያወጣው ያንን ቁጥር ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤቱን ከመውቀስዎ በፊት ስክሪኑን ይጠርጥሩ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በሥራው መጀመሪያ ላይ የአንድ ቤተሰብ የድሮ የሠርግ ፎቶ አራት ጊዜ መልሼ አትሜያለሁ። በእያንዳንዱ ዙር ፋይሉን ትንሽ አነጣዋለሁ፣ ወረቀቱ አሁንም ይጠቁርብኛል። ሞኒተሬ ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ መቶ በመቶ ብራይትነስ ላይ እንደነበር ያየሁት ከአራተኛው በኋላ ነው። ያ ሁሉ ወረቀት በአንድ ቁልፍ ምክንያት ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ነጩ ጋቢ ነው። ብዙዎች ይህን አይገምቱም። የፎቶ ቤት ማሽን የሚገባለትን ፎቶ ሁሉ በራሱ የማረም ልማድ አለው። ፎቶው በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይፈልጋል። ግማሹ ነጭ ጋቢ የሆነ ፎቶ ሲገባለት «ይሄ ከልክ በላይ ነጥቷል» ብሎ ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቱ አብሮት ይወርዳል። እርስዎ ብራይትነስ ሲጨምሩ ደግሞ ማሽኑ መልሶ ይቀንሳል። እርስዎና ማሽኑ ገመድ ጉተታ ላይ ነበራችሁ ማለት ነው። ፎቶውን ይገልብጡና ጀርባውን ይዩ። ብዙ ማሽኖች ያደረጉትን እርማት በትንንሽ ፊደልና ቁጥር እዚያ ይጽፋሉ። ኤን የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሮ ካዩ እርማት አልተደረገም። የመደመርና የመቀነስ ቁጥር ካዩ ማሽኑ ወይም ኦፕሬተሩ ነክቶታል። ሁሉም ፎቶ ቤት ይህን ጽሑፍ አያወጣም፤ ካለ ግን ብዙ ይነግርዎታል።

ሦስተኛው የአያትዎ ፊት ነው። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም በኛ ሰው ፎቶ ላይ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ስክሪን ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ርቀት ወደ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። ጥሩ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ ወደ 200 እጥፍ ይወርዳል። ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ ከ40 እስከ 50 እጥፍ ቢገኝ ነው። ያ ሁሉ ርቀት ሲጨመቅ በብዛት የሚጎዳው የታችኛው፣ የጨለማው ክፍል ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የሚያርፈው እዚያው፣ ከመካከለኛው ግራጫ በታች ነው። ኮቱ ጥቁር መሆኑ ብዙም አይጎዳም፤ ኮት ነው። በጉንጭና በዓይን ሥር መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ስትጠፋ ግን ሰውየው ይጠፋል። ስለዚህ የታጠበ ፎቶ ሲፈትሹ ጋቢውን አይደለም መጀመሪያ የሚያዩት። ግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን፣ ጉንጩ፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ፣ እነዚህ ሦስቱ ተለያይተው ይታያሉ ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሙከራዎ የከሸፈውም ለዚህ ነው። ብራይትነስ የሚለው መግፊያ ሁሉንም ባንድ ላይ ይገፋል። ጋቢው ቀድሞውኑ ጫፍ ላይ ስለነበር ተሻግሮ ባዶ ወረቀት ሆነ። ፊቱ ግን የሚበቃውን ያህል አልወጣም። የሚያስፈልግዎት ከርቭስ ነው፤ ይህ የፎቶሾፕ መሣሪያ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ካሉት የብርሃን ደረጃዎች የፈለጉትን ለይቶ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ጥቁሩን ጫፍ፣ ማለትም 0ን፣ ባለበት ይተዉት። 200 ላይ አንድ ነጥብ አድርገው እሱንም ባለበት ይቸክሉት። ከዚያ ፊቱ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ 70ን፣ ወደ 85 ከፍ ያድርጉ። ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ጋቢው አይነካም፣ ፊቱ ይከፈታል። የጋቢው እጥፋት ደግሞ ከ245 እንዳያልፍ ይጠብቁት። 255 ማለት ምንም ያልነካው ወረቀት ነው፤ እዚያ ጥለት ሆነ እጥፋት አይኖርም።

ነገር ግን ስክሪኑን ሳያወርዱ ከርቭስ አይንኩ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ናይት ላይትን፣ በራሱ የሚለዋወጠውን ብራይትነስና «ቪቪድ» የሚባሉ አማራጮችን በሙሉ ያጥፉ። ባዶ ነጭ ገጽ ስክሪኑ ሙሉ ይክፈቱ። ያልታተመበት የፎቶ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዙ። ወረቀቱ ላይ የመስኮት ብርሃን ይረፍበት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይሁን። አሁን የወረቀቱ ነጭና የስክሪኑ ነጭ እኩል እስኪመስሉ ብራይትነሱን ይቀንሱ። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ መካከል ላይ ይቆማል። በመሣሪያ የሚለኩ ባለሙያዎች ለኅትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ የደበዘዘ ይመስልዎታል። አሥር ደቂቃ ይታገሡ፣ ዓይን ይለምደዋል። ከዚያ የአያትዎን ፎቶ ይክፈቱ። እንደጠቆረ በዓይንዎ ያዩታል። ፎቶ ቤቱ ያወጣው ይህንኑ ነበር።

ላፕቶፕ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ርካሽ የላፕቶፕ ስክሪን ወደ ኋላና ወደ ፊት ባዘነበሉት ቁጥር ጥላው ይለዋወጣል። ስክሪኑን ቀጥ አድርገው ዓይንዎ መሃሉ ላይ ይሁን፤ ሥራው እስኪያልቅም አያንቀሳቅሱት። በስልክ መፍረድን ጨርሶ ይተዉ። ስልክ ጥቁሩን ያጠልቃል፣ ብርሃኑን በራሱ ይቀያይራል። ፋይሉን ለፎቶ ቤት በቴሌግራም ከላኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ይጨመቃል።

አሁን ወደ አረንጓዴው። በፎቶ ቤቱ ማሽን የሚታጠበው ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእርግጥ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ሦስት ቀለሞች እኩል ተደራርበው ግራጫ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። የማሽኑ ኬሚካል ወይም ልኬት በጥቂቱ ሲዛነፍ ሚዛኑ ይወድቃል። በባለ ቀለም ፎቶ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ግራጫ ላይ ግን ዓይን ይቅር አይልም። ስለዚህ ፎቶ ቤቱን «ባለፈው ሳምንት የሠርግ ፎቶ ቆንጆ አድርጋችሁልኛል» ብለው ሊያምኑት አይችሉም፤ የግራጫ ፈተና ሌላ ነው።

አረንጓዴው ግን ከወረቀቱ ላይሆንም ይችላል። ፎቶውን የት ቆመው ነው ያዩት? ጅማ አረንጓዴ ከተማ ናት። በረንዳዎ ፊት አቮካዶ ወይም ማንጎ ካለ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ ያለፈና ከቅጠሉ የተንጸባረቀ ነው። ነጭ ሸሚዝ እንኳ እዚያ አረንጓዴ ይነካዋል። የፎቶ ቤት ባንኮኒ ላይ ያለው ረጅም ፍሎረሰንት አምፖልም እንዲሁ ያደርጋል። ባዶ ነጭ ወረቀት ከፎቶው ጎን ያስቀምጡ። ወረቀቱም አረንጓዴ ከመሰለ ጥፋቱ የብርሃኑ ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ፎቶው ብቻ ከመሰለ ጥፋቱ የኅትመቱ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሰማዩ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ያለው ጥቁር ደመና ሥር ምንም ነገር አይፍረዱ።

የጓደኛዎ ፕሪንተር ወደ ሮዝ የሄደበት ምክንያት ሌላ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ድርብ እርማትን ነው። ፎቶሾፕም ቀለሙን ያርማል፣ የፕሪንተሩ ድራይቨርም (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፕሪንተሩ ሶፍትዌር) የታረመውን መልሶ ያርማል። ሮዝ ጥላ የዚህ ስህተት የታወቀ ምልክት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ለወረቀቱ የተሠራ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለም በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል፣ ካለዎት ፎቶሾፕ ይምራ፤ ድራይቨሩ ውስጥ የቀለም ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ፕሮፋይል ከሌለ፣ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ግሎሲ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ፕሪንተሩ ይምራና ከወረቀትዎ ጋር የሚቀራረበውን የወረቀት ዓይነት ይምረጡ። ቀጥሎ ኖዝል ቼክ፣ ማለትም የቀለም መውጫ ቀዳዳዎቹ አለመዘጋታቸውን የሚያሳይ ሙከራ፣ ያድርጉ። ኤል805 ግራጫ ቀለም የለውም። ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሳያንና ፈዛዛ ማጀንታ ነው ያለው። ግራጫውን የሚሠራው ከነዚህ ቅልቅል ነው። ማጀንታው ከተዘጋ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ሳያኑ ከተዘጋ ወደ ቀይ። መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ፕሪንተሩ ሳምንት ሳይሠራ ቆይቶ ሲነሳ ይህ የተለመደ ነው። በመጨረሻም ውስጡ ያለው ቀለም ኦርጂናል ካልሆነ የፋብሪካው ፕሮፋይል አይሠራለትም።

«ግሬይስኬል» (ግራጫ ብቻ) የሚለውን ድራይቨር ውስጥ ቢመርጡስ? ጥላውን ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ነገር ግን ግራጫው በአመዛኙ በጥቁር ነጥቦች ብቻ ስለሚሠራ ጋቢውና ግንባሩ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ሊመስል ይችላል። ለትንሽ ፎቶ ያስኬዳል። ለ30 በ40 አልመክረውም።

ከተቀላቀለ ቀለም የተሠራ ግራጫ ሁልጊዜም ሸፋጭ ነው። በቀን ብርሃን ትክክል የነበረው ማታ በአምፖል ሥር ሌላ ይሆናል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው ፍጹም ግራጫን ማሳደድ ትቶ ሆን ብሎ ትንሽ ሞቅ ማድረግ ነው። መካከለኛው ግራጫ 128፣ 128፣ 128 ከሚሆን ቀይ 128፣ አረንጓዴ 125፣ ሰማያዊ 120 ይሁን። ሰው ሲያየው ቡናማ ነው አይልም። ፎቶው የድሮ ነው ይላል። አረንጓዴው ትንሽ ቢዛነፍም በዚህ ሙቀት ውስጥ ይደበቃል። የአያትዎ ኦርጂናል ፎቶ ራሱ በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ሳያዘነብል አልቀረም፤ ስለዚህ ከእውነቱ አልራቁም። ኦርጂናሉን አውጥተው ከአዲሱ ጎን ያድርጉት። ከማንኛውም ስክሪን የተሻለ ዳኛ እጅዎ ላይ አለ።

ፎቶሾፕ ውስጥ «ሶፍት ፕሩፍ» የሚባል ነገር አለ። የወረቀቱ ፕሮፋይል ካለ ኅትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ ያሳያል። የወረቀቱን ነጭ ሲያስመስሉት ፎቶው በአንድ ጊዜ ፍዝዝ ይላል፤ ብዙዎች ደንግጠው ያጠፉታል። ሲያበሩት ለአፍታ ዓይንዎን ወደ ሌላ ቦታ ያዙሩ፣ ከዚያ ይመለሱ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ፕሮፋይል ከሌለ ባዶ ግምት ነው። ለአንድ ፎቶ ሲሉ የስክሪን መለኪያ መሣሪያ መግዛትም አያስፈልግም። ሥራዬ ብለው የሚይዙት ከሆነ ይግዙ።

ከሁሉም በላይ የማምነው የሙከራ ቁራጭን ነው። ከፎቶው ላይ ግንባርን፣ ጉንጭን፣ የኮቱን ኮሌታና የጋቢውን ጫፍ የሚይዝ ቀጭን ቁራጭ ይቁረጡ። በአንድ 10 በ15 ገጽ ላይ አራት ጊዜ ጎን ለጎን ይደርድሩት። አንደኛው ባለበት፣ ሁለተኛው ከርቭሱ 70ን ወደ 78፣ ሦስተኛው ወደ 85፣ አራተኛው ወደ 92። ቁጥራቸውን ከሥራቸው ይጻፉ፤ ያለዚያ ቤት ሲደርሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዎታል። ዋጋው የአንድ ትንሽ ፎቶ ነው። በፕሪንተር ካተሙት እስከ ማግስቱ አይፍረዱ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይለወጣል፣ በጅማ እርጥበት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ያልታተመውንም ወረቀት በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ለኅትመት ያስተካከሉትን በሌላ ስም ያስቀምጡ። ያጸዱትን ዋናውን ፋይል ከደመሰሱበት ስልክ ላይ የነጣ ፎቶ ይዘው ይቀራሉ፣ ሌላ ወረቀት ላይ ሲያትሙም ከዜሮ ይጀምራሉ። ሁለተኛ፣ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ፍሬም ሠሪው በመካከል ክፍተት እንዲተው ይንገሩት። እርጥበት ባለበት አገር የተነካካ ፎቶ መስታወት ላይ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ፊቱ አብሮ ይነሳል።

ወረቀት እንደ ስክሪን ያበራል ብለው አይጠብቁ። ምንም ቢያደርጉ አይሆንም። የሚቻለው ግንባሩ ከጉንጩ፣ ጉንጩ ከኮቱ ያላቸው ርቀት እንዲጠበቅ ማድረግ ነው። ይህ ከተጠበቀ ዓይን የቀረውን ራሱ ያሟላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ኤል805ን ለዚህ ፎቶ ይተዉት። ግራጫ ቀለም ያለው ፕሪንተር የሚሠራ ሰው ካገኙ፣ ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል8180፣ እሱን ያስቀድሙ። ኤል8180 እስከ ኤ3+ (33 በ48 ሳንቲሜትር ገደማ) ስለሚያትም 30 በ40 ይወጣለታል። ካላገኙ የፎቶ ቤቱ ማሽን ይበቃል። ፋይሉን በኤስአርጂቢ (በተለመደው የአርጂቢ ዓይነት)፣ በትንሹ ሞቅ አድርገው ይስጡ። ግሬይስኬል አድርገው አይስጡ፤ አንዳንዱ ማሽን በትክክል አያነበውም። ለኦፕሬተሩ «ማስተካከያውን አጥፋልኝ፣ እንዳለ እጠበው» ይበሉት፤ ሲሠራም አጠገቡ ይቁሙ። መጀመሪያ ቁራጩን ብቻ ያሳጥቡ። ወደ እናትዎ ቤት ይውሰዱት፣ ፎቶው በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት። ቀን አንዴ፣ ማታ በአምፖሉ ሥር አንዴ ይዩት። ሳሎኑ ጨለም ያለ ከሆነ ከሚመርጡት ቁጥር አንድ ደረጃ የነጣውን ይውሰዱ። የትኛው እንደሆነ ደግሞ እናትዎን ይጠይቁ፤ ያንን ፊት በአካል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ትልቁን የሚያዙት እሳቸው በጣታቸው አንዱን ከነኩ በኋላ ነው።